ምስጥ በተስፋይቱ ምድር

ሰው አገር ሲለውጥ የሚወደውን ብቻ ሳይሆን የሚጠላውንም ጥሎ የሚሄድ ይመስለዋል። ቁንጫውን፣ ትኋኑን፣ የክፉ ጎረቤቱን ዓይን፣ ሁሉንም «ደህና ሰንብቱ» ብሎ የተሻገረ ይመስለዋል። እናንተስ ብትሆኑ ሻንጣ ስትሸክፉ ለምስጥ ቦታ ትታችሁ ታውቃላችሁ? ግን ምን ይደረግ፣ የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል።

አባቴ ሰባን ያለፉ ሰው ናቸው። ከጎንደር ገጠር ከመጣን ወዲህ እዚሁ እስራኤል፣ ረሆቮት ከተማ፣ ክፋር ግቢሮል ሰፈር፣ ከእኔ ጋር ይኖራሉ። ከቤታችን ኋላ ምንጣፍ የምታህል ግቢ አለችን። እዚያች ላይ አባቴ ጎጆ ሠሩ። የምር ጎጆ፤ መሐሉ ላይ ምሰሶ የቆመለት፣ ዙሪያው በጭቃ የተመረገ፣ ክዳኑ ሣር የሆነ። ጎረቤቶቻችን ለዳስ በዓል የሚተከለው ዳስ፣ ሱካ የሚሉት፣ መስሏቸው ምንም አላሉም ነበር፤ በዓሉ አልፎ ሳይፈርስ ሲቀር ነው ጥያቄ የጀመሩት።

ጎጆው ለአክስቴ ለትርንጎ ነው። ትርንጎ የአባቴ ታናሽ እህት ናት፤ ጎንደር ከተማ በኪራይ ቤት ተቀምጣ ወደዚህ የምትመጣበትን ቀን ትጠብቃለች። ስትጠብቅ ፀጉሯ ሸበተ። «ዘንድሮ» ይሏታል፣ ዘንድሮም ያልፋል። አባቴ እህታቸው ከአውሮፕላን ወርዳ ፎቅና መኪና ብቻ ስታይ ሆድ እንዳይብሳት፣ ልጅ ሆነው አብረው የተኙባትን የመሰለች ጎጆ እንድትቀበላት ፈለጉ። ከሥራ ስመለስ ምሰሶውን ተደግፈው ብቻቸውን ተቀምጠው አገኛቸዋለሁ። እኔም እኮ ያቺ መንደር ትናፍቀኛለች፤ ግን ናፈቀኝ ብዬ የምቀመጥበት ጊዜ የለኝም።

አምና የመጀመሪያው ዝናብ በጣለ ማግስት፣ ከምሰሶው ሥር ክንፍ ያላቸው ነፍሳት እንደ አሸን ፈሉ። እንደ አሸን ያልኩት ወሬ ለማሳመር አይደለም፣ ራሱ አሸን ነው። የአባቴ ደስታ! በእኛ አገር አሸን ወጣ ማለት ዝናቡ ያዘ፣ ዶሮውም ጠገበ ማለት ነው። «አየሽ ልጄ፣ አገራችንን መሰለ!» አሉኝ። በመጥረጊያ ልጠርገው ስል እጄን ያዙኝ። እኔም ክንፍ ያወጣ ጉንዳን ይሆናል ብዬ ተውኩት። በሳምንቱ መስኮቱ ሥር የረገፈ ክንፍ በእፍኝ የሚታፈስ ሆነ። የጓሮውን በር መቃን ጫን ባደርገው ጣቴ ስርግ አለ። ይሄኔ መድቢር ጠራሁ፤ ተባይ አጥፊ ማለታችን ነው።

መድቢሩ ከጎረቤት ከተማ ከቤኤር ያዕቆብ የመጣ፣ ወሬ የሚወድ ጎልማሳ ነው። አንዷን መዳፉ ላይ አድርጎ አስተማረን። ጉንዳን ወገቧ ቀጭን ነው፣ የፊት ክንፏም ከኋላው ይረዝማል። ይህችኛዋ ግን ምስጥ ናት፣ ወገብ የሚባል አልፈጠረባትም፤ አራቱም ክንፎቿ እኩል ናቸው። ክንፏን አራግፋ እንጨት ውስጥ ከገባች በኋላ የምትታወቀው በምትሠራት የጭቃ መተላለፊያ ብቻ ነው። ይህን ብሎ ምሰሶውን በመዶሻው አንኳኳው። እንደ ባዶ ቅል ጮኸ።

«ሳባ፣» አላቸው፤ እዚህ አያትን እንዲህ ነው የሚሉት። «እንጨት አፈር ውስጥ አይተከልም። ሥሩ ሲሚንቶ ይፈልጋል። ግድግዳው ሥር ውኃ እንዳይቆም፣ ካርቶንም እንዳይከመር። ይሄ ጎጆ ግን ካልፈረሰ ምስጡ ቤቱን ይጨርስባችኋል። ቤሰደር፣ እሺ?»

አባቴ ከላይ እስከ ታች አዩት። የምሰሶን ሥር በእሳት ለብለብ አድርጎ፣ ጉድጓዱ ላይ አመድ ነስንሶ መትከልን እሱ ሳይወለድ ያውቁታል።

«ታዲያ ለምን አላደረጉትም፣ አባየ?» አልኳቸው።

አንገታቸውን ደፉ። «በኢየሩሳሌም ምድር ምስጥ አለ ብሎ ማን ያስባል?»

ልሳቅ ወይስ ላልቅስ? አያቶቻችን ኢየሩሳሌም እያሉ ስለዚህች አገር ሲያወሩ ወተቷንና ማሯን ነበር የነገሩን፤ ምስጧን ያነሳ አልነበረም።

ለትርንጎ መንገር የእኔ ዕዳ ሆነ፤ አባቴ አልቻሉም። አባቴም እንዲሰሙ የስልኩን ድምፅ ጮክ አድርጌ፣ ጎጆው እንዴት እንደተሠራላትና እንዴት ሊፈርስ እንደሆነ ነገርኳት። ሳቋን ለቀቀችው።

«አንተ ወንድሜ፣ እውነትህን ነው? እኔ እዚህ በየክረምቱ ምስጥ ግድግዳዬን እየበላው፣ በሚያፈስ ቤት ተቀምጬ ፎቅ ስመኝ፣ አንተ እዚያ ለምስጥ ቀለብ ትሰፍራለህ? እኔ የናፈቅኩት አንተን ነው እንጂ ጎጆ ነው እንዴ?»

አባቴ ዓይናቸውን በእጃቸው ጀርባ ጠረጉና ወደ ጓሮ ወጡ።

ጎጆው ፈረሰ። መድቢሩም መድኃኒቱን ረጭቶ ሄደ። ከጥቂት ቀን በኋላ ከሥራ ስመለስ አባቴ ግቢው መሐል ተንበርክከው ሲሚንቶ ያቦካሉ። አዲስ ግንድ ከጎናቸው ተጋድሟል።

«አባየ፣ ትርንጎ እኮ ጎጆ አልፈልግም ብላለች፣» አልኳቸው።

ቀና እንኳ አላሉም።

«ለሷ ነው ያለሽ ማነው?»

ቦርሳዬን አስቀምጬ አካፋውን ተቀበልኳቸው።