ተፈጥሯዊው የዴልፊና ቤት

ክቡር የመንደሩ ምክር ቤት በዓይነቱ የመጀመሪያ የሆነውን ፈቃድ ለመስጠት አራት ሰዓት ተኩል ሙሉ ተቀምጦ መከረ። ፈቃዱ ሚስተር ዊትኮም የተባሉ ስመ ጥር ፎቶ አንሺ፣ የፑዌብሎ ነባር ሕዝብ አርቲስቶችን በየቤታቸውና በየሥራ ክፍላቸው «በሥራ ላይ ሳሉ» እንዲያነሱ የሚፈቅድ ነው። ምክር ቤቱ ጠንቃቃ ስለሆነ ጭፈራ እንዳይነሳ፣ መቃብር እንዳይነሳ፣ የሸክላ አፈር የሚቆፈርበት ቦታ እንዳይነሳ፣ የጎረቤት ውሻም ያለ ጎረቤት ፈቃድ እንዳይነሳ በዘጠኝ አንቀጽ ደነገገ። አሥረኛው አንቀጽ «አርቲስቱ ሥራውን እንዲሠራ ይተውት» የሚል ነበር፤ ግን ምሳ ደረሰና ሳይጻፍ ቀረ።

ፈቃዱ ለሦስት ቀን ነው፤ ከማክሰኞ እስከ ሐሙስ። የሐሙሱ ተራ የዴልፊና ሆነ። ዴልፊና ስድሳ ስምንት ዓመቷ ነው፤ በሸክላ ሥራ በመንደሩ የሚያህላት የለም። ታዲያ ዜናውን ስትሰማ በክብር ፈንታ ብስጭት ያዛት። ቅዳሜ የልጅ ልጇ የሚሞሸርበት ሠርግ ነው፤ በደንቡ መሠረት ባለሁለት አፉን የሠርግ እንስራ የሚያቀርበው የሙሽራው ወገን ነው። ሙሽራዋ በአንዱ አፍ፣ ሙሽራው በሌላው ካልጠጡበት ሠርጉ የምሳ ግብዣ ብቻ ሆኖ ይቀራል። የመጀመሪያው እንስራ ባለፈው እሁድ እሳት ውስጥ ፈንድቷል። ሁለተኛው እንስራ ሐሙስ ተወልውሎ ዓርብ በእሳት መተኮስ አለበት።

መወልወል ደግሞ ቀልድ አያውቅም። ቀዩን ቅብ ቀብቶ፣ እርጥበቱ ሳይሸሽ፣ በለስላሳ ድንጋይ እስኪያበራ ማሸት ነው። አንዴ ከተጀመረ ስልክ አይነሳም፣ በር አይከፈትም፣ አፍንጫ ቢያሳክክም አይታከክም። መሃል ላይ ካቆሙ ይደርቃል፤ ከደረቀ ፍቆ እንደገና ከመቀባት በቀር መድኃኒት የለውም።

ስለዚህ ዴልፊና የመንደሩ ገዢ ወደሆነው የወንድሟ ልጅ ወደ ኤውሴቢዮ ሄደች።

«ሰውዬውን ለሰኞ አድርግልኝ።»

«አክስቴ፣ ፈቃዱ እኮ ሐሙስ ያልቃል።»

«አራዝመዋ።»

«ለማራዘም ስብሰባ ያስፈልጋል።»

«ሰብስባቸው።»

«እንዴት ብዬ? ምክር ቤቱ በሙሉ ለሠርግ እንጨት እየፈለጠ ነው።»

«ለማን ሠርግ?»

«ላንቺ የልጅ ልጅ ነዋ። እንኳን ደስ ያለሽ።»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ገዢያችን ሞኝ ስላልሆነ፣ ያልለቀቀው ወረቀቱ ነው ማለት ነው።

ማክሰኞና ረቡዕ ሚስተር ዊትኮም ሰባት ቤት ገቡ። በዚህ መንደር ቤት የገባ ሰው ሳይበላ አይወጣም፤ ጠግቤያለሁ ማለት ባለቤቲቱን መስደብ ነው። በሰባቱም ቤት ቀይ የቃሪያ ወጥ፣ ከጭቃ ምድጃ የወጣ ዳቦና ጣፋጭ ቂጣ ቀረበላቸው። ሰባተኛው ቤት ሲደርሱ ካሜራቸውን ደረታቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ እንቅልፍ ወሰዳቸው። በሁለት ቀን ያነሱት ፎቶ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የወጥ ነው። የጥበብና የታሪክ ሸክም ሁሉ እንዲህ ሆኖ በዴልፊና ትከሻ ላይ ወደቀ።

ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሲደርሱ እሷ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ጋ እንስራዋን አቅፋ ተቀምጣለች። መነጽሯ በክር ታስሯል፤ የለበሰችው የእግር ኳስ ቡድን ሹራብ ነው፤ ቅቡ በአይስክሬም ዕቃ ውስጥ አለ፤ ጊዜው ያለፈበት የባንክ ካርድ መፋቂያ ሆኖ ጎኗ ተቀምጧል።

«ወይዘሮ ዴልፊና፣ እንደሌለሁ ይቁጠሩኝ» አሉ ሚስተር ዊትኮም። «ሁሉም ነገር በተፈጥሯዊ ሁኔታው ይቀጥል።»

«ጥሩ ልጄ» አለችና ቀጠለች።

«ያ የአይስክሬም ዕቃ ብቻ ቢነሳ።»

«ቅቡ ያለው እሱ ውስጥ ነው።»

«እንግዲያው ጨርቅ ይልበስ።»

ዕቃው ጨርቅ ለበሰ። ማቀዝቀዣው ብርድ ልብስ ለበሰ። ቴሌቪዥኑ ተነቅሎ ወደ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ተጋዘ። ካርዱ ተወስዶ በምትኩ የቅል ስባሪ መጣ። ዴልፊና ሹራቧን ቀይራ የበዓል ቀሚሷን ለበሰች፤ በእሱ ሸክላ ሠርታ አታውቅም፣ ለወደፊቱም አታስብም። ቤቱ በየደቂቃው ተፈጥሯዊ እየሆነ ሄደ።

«መነጽሩስ?» አሉ ሚስተር ዊትኮም።

«የምመለከተው በሱ ነው።»

«ምኑን?»

«ሥራዬን።»

«ቅድመ አያቶችዎ እኮ መነጽር አልነበራቸውም።»

«ለዚህ ነው አያቴ በአምሳ ዓመቷ ሥራ ያቆመችው።»

የእንግዳ ቃል ነውና መነጽሯን አወለቀች። እየዳበሰች መወልወል ጀመረች፤ ግማሽ ስትደርስ «እዚያው ላይ፣ እጅዎን ሳያንቀሳቅሱ» አሏት። እጇን አቆመች። ስታነሳው ቅቡ ደርቋል፤ እንስራው ሆድ ላይ ጠባሳ ወጥቷል። ፍቃ ቀባች። እንደገና ጀመረች። «አሁንም አንዴ፣ አገጭዎን ወደ መስኮቱ።» ሁለተኛ ጠባሳ ወጣ። ሰዓቱ ስድስት ሆነ። ዴልፊና እንዲህ ፈርታ አታውቅም፤ ባዶ እጇን ሙሽራዋ ፊት ስትቆም ታያት። ቅቡም ለአንድ ጊዜ ብቻ ቀርቷል።

በዚህ ሰዓት ባሏ ሴፈሪኖ ለነገው እሳት ኩበት ተሸክሞ ገባ። ሴፈሪኖ ሠላሳ ዓመት የመንገድ ግሬደር ነድቶ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ሸክላ የነካው ከቤት ወደ መኪና ሲጭን ብቻ ነው፤ ከዚያም ውስጥ ሁለቱን ሰብሯል። ነገር ግን ፈጣሪ ሽበታም ሹሩባና የተሸበሸበ ግንባር ሰጥቶታል። ሚስተር ዊትኮም አፋቸውን ከፍተው ቀሩ።

«እኚህ ማን ናቸው?»

«ባለቤቴ ነው። ግሬደር...»

«እጃቸውን ይመልከቱ እስኪ። የሺህ ዓመት እጅ ነው።»

ዴልፊና ባሏን አየችው፤ ከዚያ ሰዓቱን አየችው።

«ሴፈሪኖ፣ ና ተቀመጥ።»

«ለምን?»

«አርቲስት ነህ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከአሁን ጀምሮ እስኪመሽ። ዝም ብለህ እሸው።»

ካቻምና የሠራችውን ማሰሮ እቅፉ ውስጥ አስቀመጠችለት፤ በሩ እንዳይዘጋ የምትደግፍበትን ድንጋይም እጁ ላይ። እሷ እንስራዋን፣ ቅቧን፣ መነጽሯንና ሹራቧን ሰብስባ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ገባች፤ ከተነቀለው ቴሌቪዥን ጎን፣ ከመስኮቱ ሥር ተቀመጠች።

ሴፈሪኖ በሙሉ ልቡ አሸ። የበሩ ድንጋይ ማሰሮውን ምድጃ የሚፋቅ ይመስል አንኮሻኮሸው። ሚስተር ዊትኮም በመሬት ተንፏቀው፣ ወንበር ላይ ወጥተው፣ ከብርድ ልብሱ ጋር ተጠላልፈው አነሱት።

«ጭቃው ምን ይልዎታል?» ብለው በሹክሹክታ ጠየቁ።

ሴፈሪኖ ምሳ አልበላም፤ ሐሳቡ ሁሉ ድስቱ ጋ ነበር። «ትንሽ ቆይ ይላል» አለ።

ሚስተር ዊትኮም ይህን ጻፉት።

ልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ ደግሞ ዴልፊና ሦስት ሰዓት ሙሉ ድንጋይዋን ከእንስራው ላይ አላነሳችም። በመሃል ሚስተር ዊትኮም መብራታቸውን የሚሰኩበት ፍለጋ ብቅ አሉና፣ ካሜራው ይሠራ እንደሆነ ለመሞከር አንዴ ቀጭ አደረጉት። ቀና አላለችም። ስትጨርስ እንስራው ፊቷን ያሳያት ነበር።

ዓርብ በኩበት ተተኮሰ፤ አልፈነዳም። ቅዳሜ ሙሽራዋ በአንዱ አፍ፣ ሙሽራው በሌላው ጠጡ፤ ጠብታ አልፈሰሰም። ዴልፊና በዕድሜዋ እንዲህ ደስ ያላት ቀን ጥቂት ነው።

ከስምንት ወር በኋላ መጽሐፉ መጣ። ሰማንያ ሁለት ፎቶ አለው። ሴፈሪኖ ከፊት፣ ሴፈሪኖ ከጎን፣ የሴፈሪኖ አውራ ጣት ሁለት ገጽ ሞልቶ፤ ከሥሩም «‹ትንሽ ቆይ› ይለኛል ጭቃው» የሚል ጥልቅ ቃል። ገጽ ሰባ አራት ግርጌ ላይ፣ የክብሪት ቀፎ በምታህል ፎቶ፣ አንዲት ባለመነጽር ሴት በሹራብ ጎንበስ ብላ እንስራ ትወለውላለች። ጎኗ የተነቀለው ቴሌቪዥን አለ። ጽሑፉ «የአርቲስቱ ባለቤት ቴሌቪዥን ሲመለከቱ» ይላል።

ምክር ቤቱ አስቸኳይ ስብሰባ ተቀመጠ። መጽሐፉን ከፈቃዱ ጋር ገጽ በገጽ ሲያመሳክር፣ «አርቲስት በሥራ ላይ» የሚለውን የምታሟላ ፎቶ አንዲት ብቻ አገኘ። ኤውሴቢዮም ሰማንያ አንዱ ፎቶ ከፈቃድ ውጭ መሆኑን፣ የገጽ ሰባ አራቷ ግን ደንቡን የጠበቀች መሆኗን በማኅተም አረጋግጦ ለመጽሐፉ አሳታሚዎች ጻፈ። መልሱ በሦስት ሳምንት ደረሰና ለአክስቱ ሊያነብላት መጣ። እሷ እየወለወለች ስለነበር ቀና ሳትል አዳመጠችው።

«‹በገጽ ሰባ አራት ስህተት እጅግ አፍረናል። የመጽሐፉን ተፈጥሯዊነት ስለምታደፈርስ በሁለተኛው እትም አትካተትም› ይላሉ።»

«ሴፈሪኖስ?»

«እሱማ ሽፋኑ ላይ ሊሆን ነው። ሚስተር ዊትኮም ለስድስት ቀን ተመልሰው ለመምጣት አዲስ ፈቃድ ይጠይቃሉ። ደግሞ... ይቅርታ አክስቴ፣ እኔ አይደለሁም ያልኩት... ‹አርቲስቱ ሳይረበሹ እንዲሠሩ፣ ባለቤታቸው በእነዚያ ቀናት ከቤት ቢርቁ› ይላል።»

«እሺ፣ ወደ እህቴ ቤት እሄዳለሁ፤ ግን እዚያም ሰው ሊመጣብኝ ስለሚችል ወረቀት ላይ ይስፈር» አለች ዴልፊና። «እኔ ያለሁበት ቤት ማንም ድርሽ እንዳይል ብለህ ጻፍ።»

በአዲሱ ፈቃድ ላይ ጻፈላት፤ አተመላትም። ሚስተር ዊትኮም በተባለው ቀን መጥተው ስድስት ቀን ሙሉ አርቲስቱን አነሱ። ዴልፊና ከወንዙ ማዶ እህቷ ቤት፣ ከነሹራቧና ከነአይስክሬም ዕቃዋ ተቀምጣ፣ ስልክ ሳይጠራባት አምስት እንስራ ሠርታ ተመለሰች።