የደቅ አምባሳደር

በየከተማው እንዲህ ያለ ሰው አይጠፋም፤ አንድ አገር ያይና ከዚያ ወዲያ የገዛ አገሩ አይጥመውም። ሠርግ ቢጠሩት ሙሽሪትን ትቶ የዚያን አገር ሴቶች ሲያወድስ ያመሻል። ለቅሶ ቤት ቢቀመጥ፣ እዚያ እንዴት እንደሚለቀስ ሐዘንተኛውን ያስተምራል። ደባርቅ በደርግ ዘመን ብዙ ነገር ቢቸግራትም ይህ ዓይነቱ ሰው አልቸገራትም። ልብስ ሰፊው አለነ ነበራት።

አለነ አንድ ጊዜ ለዘመድ ሠርግ ብሎ ጣና ውስጥ ወዳለችው ወደ ደቅ ደሴት ሄደ። በቃ፤ ከዚያ ወዲያ በየዓመቱ የመስከረም ጭቃ ሲደርቅ መቀሱን ሰቅሎ ጎንደር፣ ከጎንደር ጎርጎራ፣ ከጎርጎራ በጀልባ ደቅ ነው። ከከተማ ለመውጣት የቀበሌ ይለፍ በሚጠየቅበት በዚያ ዘመን፣ ሊቀ መንበሩ "የጉዞህ ምክንያት?" ሲለው "ምሳ" ብሎ የመለሰ እሱ ብቻ ነው። ይለፉንም አገኘ። የሊቀ መንበሩን ካኪ የሚሰፋው ማን ሆነና!

ሲመለስ ታዲያ ክቡር ባለሙሉ ሥልጣን የደቅ አምባሳደር ሆኖ ነው። ጠላ ሲቀዱለት "ደቅ ላይ ቢሆን ጌሾው አሁን ከጓሮ የተቀነጠሰ ነበር" ይላል። ብርድ ሲመጣ "ደቅ ላይ ቢሆን ጋቢ የሚደርበው የታመመ ሰው ብቻ ነው" ይላል። የቀበሌ ስብሰባ ሲረዝም እንኳ ጎንበስ ብሎ "ደቅ ላይ ቢሆን እስካሁን ዘፈን ተጀምሯል" እያለ አጠገቡ ያለውን ሰው በሳቅ ያስወቅሰዋል።

የዚህ ሁሉ ወሬ ዋና ተሸካሚ የንስሐ አባቱ መምሬ ወልደ ሩፋኤል ነበሩ። ከቅዳሴ መልስ ከስፌት ቤቱ ደጃፍ አግዳሚ ላይ አረፍ ማለት ልማዳቸው ነው። ከጎንደር ወዲያ አልፈው ስለማያውቁ፣ የደንገል ታንኳውንም የቀዛፊዎቹንም ዘፈን ሲያወራላቸው "አጋነንኸው" እያሉም ቢሆን ይሰሙታል። የማይታገሡት አንድ ነገር ብቻ ነበር።

"ደቅ ላይ እኮ ዓሣ ጾም አይሽርም" ይላል አለነ።

"ይሽራል!"

"ጌታስ ለደቀ መዛሙርቱ ያበላቸው ዓሣ አይዶል፣ አባቴ?"

"ያበላቸው ከትንሣኤው በኋላ ነው፤ ጾሙ ተፈቶ!"

ነገሩ በክርክር ቢያልቅ ምን ነበረበት። የነቢያት ጾም ገባና የታኅሣሥ ሚካኤል ማኅበር ተራ አለነ ላይ ወደቀ። ሚስቱ ጤናዬ ሽሮ ሠራች። ቅቤ ያልነካው ሽሮ ነው፤ ግን ጣት ያስቆረጥማል።

"ጤናዬ፣ እጅሽ ይባረክ! ምን ብትጨምሪበት ነው?" አሉ መምሬ፣ ለሦስተኛ ጊዜ እየወጣላቸው።

ጤናዬ ፈራ ተባ እያለች ባሏን አየችው። እሱ ግን ይህን ቀን ሲናፍቅ የኖረ ሰው ነው። ብድግ ብሎ "የደቅ ቆሮሶ ነው፣ አባቴ! ደርቆ፣ ተወቅጦ የገባ። ዓሣ ነው!" አለ።

 አንዱ ማኅበርተኛ የጎረሰውን መዋጥም መትፋትም አቅቶት ጉንጩ እንዳበጠ ቀረ።

መምሬ ተቆጡ፤ አፈሩም። ለማኅበርተኛው ሁሉ ስግደት አዘዙ፤ ለራሳቸው እጥፍ አደረጉት። ወደ አለነ ሲመጡ ግን ቆም አሉ። ስግደት ቢሰጡት እየሰገደም ስለ ደቅ ማውራቱ አይቀርም። ስለዚህ የሚያመውን መረጡለት።

"እኔ እስክፈታህ ደቅን እንዳትረግጥ፤ ስሟንም እንዳታነሣ። በግዝት አስሬሃለሁ!"

ግዝት ቀልድ አያውቅም። አለነ አንገቱን ደፍቶ ተቀበለ።

መስከረም መጣ፤ ጭቃው ደረቀ፤ አለነ ከስፌት መኪናው አልተነሣም። ጠላ ሲቀዱለት "ጥሩ ነው" ብሎ ዝም ይላል። ይህ ከተማውን አስደነገጠ። ጤናዬ እንኳ ካህኑ ደጅ ድረስ ሄዳ "መምሬ፣ ባሌን ይመልሱልኝ፤ በቤቴ የሚናገር ነገር ቢኖር የጎረቤት ሬዲዮ ብቻ ነው፤ እሱም ስብሰባ እንጂ ሌላ አያውቅ!" ብላ አለቀሰች።

መምሬ እንደ ልማዳቸው አግዳሚዋ ላይ ይቀመጣሉ። ወደ ሊማሊሞ የሚያልፉት የጭነት መኪኖች ያቃስታሉ፤ የስፌት መኪናው ይንጣጣል፤ ሌላ ድምፅ የለም። አንድ ቀን ዓይናቸውን ጨፍነው ደቅን ሊያስቧት ሞከሩ። የደንገሉ ታንኳ መጣላቸው፤ ቀዛፊዎቹም መጡላቸው፤ የሚዘፍኑት ግን ጠፋባቸው። ያን ጊዜ ገባቸው። ይህን ሁሉ ዓመት እሳቸውም በዚችው አግዳሚ ደቅ ደርሰው ሲመለሱ ኖረዋል። አንድ ሰው የገዘቱ መስሏቸው ራሳቸውንም ገዝተዋል። 

"አለነ።"

"አቤት፣ አባቴ።"

"ቀዛፊዎቹ ምን እያሉ ነበር የሚዘፍኑት?"

አለነ መኪናውን አቆመ። 

"ግዝት ላይ ነኝ፣ አባቴ።"

"በአፌ ያሰርሁህን በአፌ ፈትቼሃለሁ። እግዚአብሔር ይፍታህ!"

አለነ መስቀላቸውን ተሳለመ። ሊናገር ሲል ግን ዓይኑ እንባ ሞላ።

"ረሳሁት፣ አባቴ። ግጥሙ ጠፋኝ።"

መምሬ ሰውዬውን ትክ ብለው አዩት። እውነቱን ይሁን የደቅ መሄጃ ብልሃት፣ ሊለዩት አልቻሉም፤ ሊለዩትም አልፈለጉም።

"እንግዲያ ምን ትጠብቃለህ? ነገ ተነሣ" አሉት። "ዓሣውን እዚያው ብላ፤ ወሬውን ግን ይዘህልኝ ና።"