ሽማግሌ ልኬ ያገኘሁት ውሻ

ሰው ስለ ሁለት ነገር ክፉ ሲነገረው አይሰማም፤ ስለ ልጁና ስለ ውሻው። የልጁስ ይሁን፤ ልጅ አንድ ቀን አድጎ ራሱ ያሳፍረዋል። ውሻ ግን አድጎም ያው ውሻ ነው፣ ባለቤቱም ያው ባለቤት። ልጅህ ልጄን መታብኝ ብትሉት ቢያንስ ለይሉኝታ ጠርቶ ይቆጣዋል። ውሻህ ነከሰኝ ብትሉት ግን ከእግር እስከ ራሳችሁ አይቶ ምን አድርጋችሁት ነው ይላችኋል። የተነከሳችሁ እናንተ፣ የተከሰሳችሁም እናንተ። እንዲህ ያለ ችሎት ከውሻ ባለቤት ደጅ በቀር የት ይገኛል?

ይህን የተማርኩት ነቀምቴ ነው፤ በጃንሆይ ዘመን፣ ከጎጃም ተነሥቼ በመምህርነት ተመድቤ በሄድኩ ጊዜ። ከተማው ደግ ነው፤ ሰላምታው ብቻ ሆድ ይሞላል። አካም ጅርታ ብለው ይጀምሩና ስለ ጤናህ፣ ስለ ዘመድህ፣ ስለ ከብትህ ጠይቀው ነው የሚለቁህ። እኔ ከብት አልነበረኝም፤ ግን ላለማሳፈር ስል ሁሉም ደህና ናቸው እል ነበር።

ያ ደግ ከተማ አንድ ጉድለት ነበረው፤ እሱም የግራዝማች ነገራ ውሻ ነው። ስሙ ሌንጫ ይባላል፣ በኦሮምኛ አንበሳ ማለት ነው። ስሙን ያወጣለት ሰው ብልህ መሆን አለበት። አንበሳ የዘውዱ ምልክት በሆነበት አገር፣ ሌንጫ በተባለ ፍጥረት ላይ በአደባባይ ድንጋይ የሚወረውር ማን ነው? ግራዝማች መሬትም ማዕረግም ያላቸው፣ እጃቸው የተፈታ፣ ንግግራቸው የረጋ ሰው ነበሩ። ውሻ ማሰር ግን እንደ ነውር ያዩት ነበር። እሳቸው በበቅሎ ሲወጡ ሌንጫ ቀድሞ መንገድ ያስለቅቃል። ገበያ ገብቶ የቅቤ ቅል ይልሳል። ለቅሶ ቤት ገብቶ ከሐዘንተኞቹ መሀል ይተኛል። ፍርድ ቤት ደጅ ከሳሽንም ተከሳሽንም እኩል ያባርራል፤ በዚህ በኩል እንኳ አድልዎ አይታወቅበትም። ሰው አቤት ሲል ግራዝማች ፈገግ ብለው አይናከስም እኮ፣ ሲጫወት ነው ይላሉ። የጌታዋን ጌትነት የተማመነች በግ ላቷን ውጪ ታሳድራለች ይባል የለ? ሌንጫ ላት ባይኖረውም ጥርሱን ውጪ ያሳድር ነበር።

እኔን የተጫወተኝ በገበያ ቀን ነው። ቃሪያ ለመምረጥ ጎንበስ እንዳልኩ ከኋላ መጥቶ ባቴን ያዘኝ። ለበዓልና ለኢንስፔክተር ብቻ የምለብሰው የሱፍ ሱሪዬ እስከ ጉልበቴ ተተረተረ። ግራዝማች ከበቅሏቸው ሳይወርዱ፣ በሐዘኔታ፣ ቃሪያ አይወድም አሉኝ። ቤታቸው ቅርብ ስለነበር ግን ልጃቸው ሌንሴ ጩኸቱን ሰምታ ሙቅ ውሃና ሳሙና ይዛ መጣች። ውሻውን አንድ ጊዜ ብቻ “ታኢ” ስትለው፣ ከተማው በሙሉ ያላስቀመጠው ፍጥረት እግሯ ሥር ቁጭ አለ። ቁስሌን ስታጥብልኝ እኔም ከልቤ ተቀመጥኩ። ከዚያ ወዲህ በመንገድ በተገናኘን ቁጥር እግሬ እንዴት እንደሆነ ትጠይቀኛለች፤ እግሬም ቶሎ እንዳይድን እጸልያለሁ። በመጨረሻ እንደ ምንም ደፍሬ የልቤን ነገርኳት። አፈረች፤ ቀጥሎ ሽማግሌ ላክ አለችኝ።

ሽማግሌ መላክ ቀላል ነው፤ በዚያ በር ማስገባት ነው ጭንቁ። ከእኔ በፊት ሌንሴን ሊጠይቁ የመጡ ነበሩ። አንደኛው ወገን ጋቢ፣ ሌላው ወገን ጫማ ለሌንጫ ገብሮ ከበር ተመልሷል። እኔ ግን ኦቦ ዋቅጅራ ነበሩልኝ። ኦቦ ዋቅጅራ የጨው ነጋዴ ናቸው፤ አንደበታቸው ግን ጨውም ማርም ነው። ውሻውን በአንድ ትልቅ አጥንት ሸንግለው ያስገቡናል ተባለ። የአገሬ ሰው መምሬ ኃይሉና አንድ ልብስ ሰፊ ታከሉ። ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ በትራቸውን ይዘው ሄዱ። እኔ ባኬ ጃማ በሚባለው ሰፈር በተከራየሁት ቤት ጠጅ አስቀድቼ፣ ተቀምጬ መነሣት፣ ተነሥቼ መቀመጥ ያዝኩ።

የሆነውን በኋላ የነገሩኝ መምሬ ናቸው። አጥንቱ ሠራ፤ ገቡ። እንደ ወጉ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም ብለው ቆሙ። መቼም ሽማግሌ ሄዶ በቀጥታ ልጅህን ስጠን አይልም። ከዝናቡ ይነሣል፣ በበቆሎው ያልፋል፣ በዘመኑ ሰው ጠባይ በኩል ዞሮ ነው ወደ ነገሩ የሚደርሰው። ኦቦ ዋቅጅራም ዝናቡንና በቆሎውን ባማረ አነጋገር ጨርሰው፣ የላከን መምህሩ ነው ከማለታቸው ግራዝማች እጃቸውን አነሡ።

“ጃርሶሊ፣ ሽማግሌዎቼ፣ አትድከሙ፣ የውሻው ነገር ነው። በርሲሳን፣ መምህሩን፣ አስነክሻለሁ፣ ሱሪውንም አስቀድጃለሁ። በሽማግሌ ፊት አልከራከርም፤ ጥፋቱ የእኔ ነው።”

እንግዲህ አስቡት። ግራዝማች ጥፋቴ ነው ሲሉ በነቀምቴ የሰማ ሰው አልነበረም። ሽማግሌ ደግሞ ጥፋቱን እያመነ ያለን ሰው አቋርጦ ኧረ እኛስ የመጣነው ለሌላ ነው ይላል? ነውር ነው። ዝም ብሎ እንዳይወጣም ያመነን ሰው ዕርቅ ሳይሰጡት አይተዉትም። ስለዚህ ለሰርግ የሄዱት ሽማግሌዎች ተቀምጠው የውሻ ዕርቅ አወረዱ። እርጥብ ሣር ተያዘ፣ ተመረቀ፣ አሜን ተባለ። ግራዝማችም ልባቸው ተነክቶ፣ ካሳዬ ቅን እንዲሆን ጥፋተኛውን ራሱን ለተበዳዩ አሳልፌ ሰጥቻለሁ፣ የፈለገውን ይፍረድበት አሉ። ከዚያ ወዲያ ስለ ልጅቷ ማንሣት ምሕረትን በልጅ መለወጥ ይመስላልና፣ ሦስቱም አፋቸው ተሳሰረ። ከግቢው ከወጡ በኋላ ነው አንተ መናገር ነበረብህ፣ አንተ ነህ እንጂ መባባል የጀመሩት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

በሩ ላይ ቆሜ ሳያቸው፣ ከፊታቸው ሌንጫ እየጎተታቸው ይመጣል። ኦቦ ዋቅጅራ ገመዱን እጄ ላይ አኖሩና፣ “በርሲሳ፣ ዕርቁ አምሮበታል” አሉኝ። ልጅቷስ ብዬ ጠየቅኩ። የዕርቅ ሣር ሳይደርቅ ልጅ አይጠየቅም፤ እስከ ጥር ታገሥ፣ ያኔ ተመልሰን እንሄዳለን ተባልኩ። ጠጁን ጠጥተው ሄዱ። እኔ አልጠጣሁም፤ በጣም ከፍቶኝ ነበር።

እንዲህ ሆኜ የውሻ ባለቤት ሆንኩ። ሌንጫ ትምህርት ቤት ድረስ ተከትሎኝ ይመጣል፤ የተማሪ ምሳ ይበላል፤ ርዕሰ መምህሩን ዛፍ ላይ አወጣው። ባስረው ገመድ ይበጥሳል፣ መበጠስ ሲያቅተው ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ያላዝናል። አንዲት እናት የልጇን የተቀደደ ኮት ይዛ ስትመጣ፣ ሲጫወት ነው ብዬ ስመልስላት ራሴን ሰማሁት። ደነገጥኩ። ይህ ነገር ከውሻው ወደ ሰው የሚተላለፍ በሽታ ሳይሆን አይቀርም።

ኅዳር ላይ ኦቦ ዋቅጅራ ብቻቸውን መጡ። ከዝናቡ ጀመሩ። ዝናብ አልነበረም። በቆሎውንም አለፉ። የዘመኑ ሰው ጠባይ ላይ ሲደርሱ ነገሩ ወዴት እንደሚያመራ ገባኝ። የግምቢ የቡና ነጋዴ ልጅ ሽማግሌ ልኮ ኖሯል፤ የግራዝማች ግቢ ደግሞ ያለወትሮው ሰላም ነው፤ ሰተት ብለው ገቡ፣ በወጉ ቆሙ፣ በወጉ ጠየቁ፣ ግራዝማችም ሰጧቸው። ያን ሁሉ ጊዜ ልጅቷን ከአገሩ ሽማግሌ ሁሉ ሲጠብቅልኝ የኖረው ለካ ሌንጫ ነው! ዘበኛዬን እኔው ከበሩ አነሣሁት። ኦቦ ዋቅጅራ አልጨረሱም። ግራዝማች አንድ መልእክት አላቸው፤ የሰርጉ ለት የተከበሩ እንግዶች በደጅህ ስለሚያልፉ ውሻህን እሰር፣ ውሻ ያለው ሰው ለሰው ማሰብ አለበት ብለዋል።

አሰርኩት። ስለ ቋጠሮው ጥንካሬ ማንም አልጠየቀኝ፣ እኔም አልተናገርኩ። ሰርገኛው በዘፈን ከቁልቁለቱ ብቅ ሲል ሌንጫ ገመዱን ጎትቶ ወጣ። ሴቶቹ ጮኹ፣ ሚዜዎቹ ተበታተኑ፣ እኔም እግዜር ይቅር ይበለኝና ልቤ ሞቀ። ሌንጫ ሙሽራው ዘንድ ሲደርስ ቆመ። እጁን አሸተተ። ጅራቱን ቆላለት። ከዚያ በተከፈተው የሙሽሮቹ መኪና በር ዘሎ ገባና ሌንሴ እግር ሥር ተኛ። እሷ ራሱን ዳበሰችው፤ ወደኔ ቀና ብላ አየች፣ ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበር፤ ዓይኗን መለሰች። ሙሽራው ሳቀና በሩን ዘጋው፣ መኪናውም ወደ ግምቢ ተነሣ።

ሰውየው በአንድ ቀን ሁለቱንም ይዞ ሄደ። ሽማግሌ የላከው ግን ለአንዷ ብቻ ነበር።