የሦስተኛ ክፍል ኤክስ

በሬ ሊገዛ ገበያ የወጣ ገበሬ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ጥርሱን ያያል፣ ጫንቃውን ይዳስሳል፣ ወዲያና ወዲህ ያስነዳዋል፣ እንደሚያነክስና እንደማያነክስ ሳያረጋግጥ እጁን ወደ ኪሱ አይሰድም። «አባቴ ከዚህ ሰውዬ ገዝቶ ነበርና እኔም ዓይኔን ጨፍኜ እገዛለሁ» የሚል ካለ እባካችሁ ላኩልኝ፤ አንድ የሚያነክስ በሬ አለኝ። ምርጫ ሲመጣ ግን ጥርስ ማየት የለ፣ ጫንቃ መዳሰስ የለ። «የኛ ነው» ከተባለ አለቀ። ቢያነክስም የኛ ነው።

ሌላውን ለማማት አይደለም። እኔም ስንት ጊዜ እንዲሁ መርጫለሁ። የምንኖረው ከሰበታ አስፋልት ገባ ብሎ፣ ከወንዙ ማዶ ነው። በኛ ሰፈር የምናውቀው ፓርቲ ምልክቱ ጎተራ ስለሆነ «ጎተራ» እያልን ነው የምንጠራው። ማዳበሪያ የሚመጣው በጎተራ ሰዎች በኩል ነው፤ ቢዘገይም ይመጣል። የበላበትን ወጪት ሰባሪ መባል ደግሞ ክፉ ነው። ስለዚህ ምርጫ በመጣ ቁጥር ጎተራ፣ ጎተራ፣ ጎተራ። ምን ሠራ ብሎ የጠየቀ አልነበረም። እኔም አልጠየቅኩም።

የጠየቀው ወንዙ ነው።

ይህ ወንዝ በበጋ ዶሮ ትሻገረዋለች፤ በክረምት በሬ ይወስዳል። ድልድይ ይሠራለታል ሲባል ጎረምሳ ነበርኩ፤ አሁን ጥርሴ ረግፏል። ባለፈው ዓመት ነሐሴ ልጄን ብርሃኔን ምጥ ያዛት። በቃሬዛ ተሸክመን ወንዙ ዳር ስንደርስ ውሃው ሞልቶ ያገሳል። ከጠዋት እስከ ማታ እዚያው ቆመን ይጎድል እንደሆነ ጠበቅን። ከማዶ ጤና ጣቢያ የምትሠራው ሲስተር ጫልቱ ወሬውን ሰምታ፣ ጫማዋን በእጇ ይዛ፣ በገመድ ተጎትታ እስከ ደረቷ ውሃ ውስጥ ገብታ መጣች። ልጄን አተረፈቻት። ሕፃኑ ግን ቀድሞ ሄዷል። ከዚያ ወዲህ ብርሃኔ አንድ ቃል ብቻ ነው የምትለው፦ «ድልድይ ሳይሠራ ሁለተኛ አልወልድም።» ያለችኝ ልጅ እሷ ብቻ ናት።

እንግዲህ ዘንድሮ ምርጫ ሲደርስ ሲስተር ጫልቱ በግል ተወዳደረች። ምልክቷ መሰላል ነው። ስለ ሰማይና ስለ ምድር አልተናገረችም፤ «ድልድይ» አለችና ተቀመጠች። ሲጠይቋትም «ድልድይ» ነው መልሷ።

ጎረቤቴ ኦቦ ገመቹ የጎተራ ሰው ነው፤ ቢቆርጡት ጤፍ እንጂ ደም አይፈሰውም። አብረን አርሰናል፣ ልጅ ድረናል፣ ሬሳ ቀብረናል። መንገድ ላይ አገኘኝና «አካም ጅርታ ታደሰ! ወደ መሰላል አዘንብለሃል አሉኝ» አለ። «እስቲ ንገረኝ፣ ግድግዳ የሌለው መሰላል በምን ይቆማል? ሰማይ ሊደገፍ ነው?»

ሰዎች ሳቁ፤ እኔም አብሬ ሳቅኩ። እቤቴ ስገባ ነው መልሱ የመጣልኝ፦ ግድግዳውማ እኛ ነን። መልስ ሁልጊዜ ለእኔ የሚመጣው ጠያቂው ከሄደ በኋላ ነው።

ሦስት ቀን ጸለይኩ። የጎተራን ውለታ በአንድ በኩል፣ ወንዙን በሌላ በኩል አድርጌ መዘንኩ። «ጌታዬ፣ ማዳበሪያ አምጥተውልኛል፣ አልክድም፤ የልጅ ልጅ ግን አላመጡልኝም» አልኩት። በሦስተኛው ቀን ልቤ ረጋ። መሰላል። ለዘመድም ለጎረቤትም ነገርኩ፤ ወንዙ ያላስለቀሰው ቤት የለምና ብዙ ሰው ሰማኝ። እግዚአብሔር ልቤን መርቶልኛል። እጄን ግን አልሰጠሁትም። እጄ ሦስተኛ ክፍል ደርሷል፣ መሪ አይፈልግም።

እዚህ ላይ ስለ ትምህርቴ ትንሽ ላውጋችሁ። መምህራችን ቀይ እስክሪብቶ ነበራቸው። ለትክክል ራይት፣ ለስህተት ኤክስ። የኔ ደብተር የኤክስ እርሻ ነበር፤ በመስመር የተዘራ ይመስል በየገጹ በቅሏል። ስለዚህ ሌላው ቢጠፋኝ የኤክስን ትርጉም ከኔ በላይ የሚያውቅ በሰበታ ዙሪያ የለም። ኤክስ ማለት «አይደለም፣ ውጣ፣ ተቀመጥ» ማለት ነው።

በምርጫው ቀን ገና ሳይነጋ ተሰለፍን። የመንደሩ ሰው «ጋሽ ታደሰ፣ እንዴት ነው የሚደረገው?» እያለ ወደኔ ይዞራል። ፊደል የቆጠረ ሽማግሌ ነኝና ደስ አለኝ። ደስታ ሲበዛ ደግሞ ምላስ ይረዝማል።

«አሻራ የማይም ነው» አልኳቸው። «እንደ ሰው እስክሪብቶ ያዙ። ወረቀቱ ላይ ያለው ሁለት ምልክት ነው። የማትፈልጉትን ኤክስ በሉት፤ የቀረው ያልፋል።»

ባለቤቴ አስካለ ብቻ አልሰማችኝም። «እኔ እስክሪብቶ ጨብጬ አላውቅም» አለች። «የምወደውን በጣቴ እነካዋለሁ፣ በቃ።» በሰው ፊት ስላሳፈረችኝ ፊቴን አዞርኩባት።

ውስጥ ስገባ ወረቀት የምትሰጠዋ ልጅ ማስረዳት ጀመረች። «ኤክስ» ስትል ሰማሁ፣ «አሻራ» ስትል ሰማሁ፣ የቀረውን ሳትጨርስ «አውቃለሁ ልጄ፣ አውቃለሁ» አልኳት። መጋረጃው ጀርባ ገብቼ አማተብኩና ጎተራው ላይ ኤክስ አደረግኩበት። እንዴት ያለ ኤክስ! ወረቀቱ ሊቀደድ ምንም አልቀረው። በደብተሬ የተደረገብኝን ሁሉ በአንድ ቀን የመለስኩ መሰለኝ።

በማግስቱ ውጤቱ በምርጫ ጣቢያው በር ላይ ተለጠፈ። በኛ ጣቢያ ጎተራ መሰላልን አስከንድቶታል። ዓይኔን ማመን አቃተኝ። ኦቦ ገመቹ ከኋላ መጥቶ አቀፈኝ።

«ያ ኦቦሌሳ! ወንድሜ! ልብህ ከኛ ጋር እንደሆነ አውቅ ነበር!»

«ልቀቀኝ!» አልኩት። «ሌብነት ነው! እኔ በገዛ እጄ ኤክስ አድርጌባችኋለሁ። ሰልፉ ሁሉ ኤክስ አድርጎባችኋል። እኔው ነኝ ያስተማርኩት!»

ገመቹ ለቀቀኝና ዞሮ ከፊቴ ቆመ። «ማን ላይ ነው ኤክስ ያደረግከው?»

«ጎተራ ላይ ነዋ!»

መጀመሪያ ትከሻው ተንቀጠቀጠ፤ ከዚያ ግድግዳውን ተደገፈ፤ ከዚያ መሬት ተቀመጠና በጋቢው ዓይኑን ጠረገ። «ታደሰ» አለኝ ትንፋሹ ሲመለስ፣ «መምረጥ ማለት እኮ እሱ ነው። ኤክስ ያደረግክበትን ነው የመረጥከው።»

ዕድሜ ልኩን ለጎተራ ሲቀሰቅስ የኖረ ሰው ነው፤ እኔ በአንድ ጠዋት ያመጣሁለትን ያህል ግን አምጥቶ አያውቅም። ሲስተር ጫልቱ በጠቅላላው ሲደመር የተሸነፈችው በጥቂት ነው አሉ። የኛ ሰልፍ ጥቂት አልነበረም።

ወንዙ ሳይሞላ ጤና ጣቢያ ሄጄ ነገርኳት። ፋሻ እየጠቀለለች ነበር፤ እጇ ቆመ።

«ስንት ሰው ነው ያስተማሩት፣ አባባ?»

«ከፊቴ የነበሩትን» አልኩ። «ከኋላዬም።»

ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። «እኔም አለሁበት፣ አባባ» አለችኝ። «ለምን እንደምትመርጡኝ መንደር ለመንደር ዞሬ ነገርኳችሁ። እንዴት እንደምትመርጡኝ አንድ ቀን እንኳ አላሳየኋችሁም።» ከዚያ «ብርሃኔ ደህና ናት?» ብላ ጠየቀችኝ። ደህና ናት አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ?

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ጎተራዎች ግን ስብሰባ ጠርተው «በጣቢያው ከፍተኛ ቅስቀሳ ላደረጉ ታማኝ ደጋፊ» ብለው ማኅተም ያለበት ምስክር ወረቀት ሰጡኝ። ሥራዬ ነው ብል ውሸት፣ ሥራዬ አይደለም ብልም ውሸት። ያን ዕለት የተሰለፉት ሰዎች መሬት መሬት እያዩ አጨበጨቡልኝ። ከሁሉ አስበልጦ ያጨበጨበው ገመቹ ነው፤ ዓይኑን እየጠረገ።

እነሆ ክረምቱ ገባ፣ ወንዙም ሞላ። ብርሃኔ ልትጠይቀን መጥታ ነበር፤ የምስክር ወረቀቱን አየችና ነጠላዋን አንስታ ወጣች። እኔም ንዴት ይዞኝ ከምድጃው ከሰል አነሳሁና፣ ማኅተሙ ላይ ሳይቀር፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ትልቅ ኤክስ አሰመርኩበት።

አስካለ ከበሩ ቆማ አየችኝ።

«ምነው ታደሰ» አለች፣ «ደግመህ መረጥከው?»