የብሩክ ሰባት ቤት

እናንተዬ፣ የሰፈሩን ሰው ሳያውቅ የሌለ አገር ነገሥታትን አብጠርጥሮ የሚያውቅ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ቃሊቲ የእህቴ ልጅ አለልኝ፤ ብሩክ ይባላል። ከልጅነቱ ጀምሮ አንድ ዘንዶ የሚታደንበት የጌም መንግሥት ውስጥ ነው የኖረው። ጌሙ አዲስ ክፍል ባወጣ ቁጥር እሱም አብሮ ይነግሣል።

ባለፈው እሁድ ሽማግሌ ሆነን ሚስት ልንጠይቅለት ሳሪስ ሄድን። የልጅቷ አባት አቶ ደጀኔ፣ "ዝምድና እንዳይኖር ዘሩ እስከ ሰባት ቤት ይቆጠር" አሉ። እኔ የእናቱ ወንድም የአባቱን ዘር ከየት ላምጣ? ለብሩክ ደወልንና ስፒከር ላይ አደረግነው። አያቱ ላይ ሲደርስ የሚያውቀው ስም አለቀበት። ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገና፣ "ታልዶር፣ ቤርኩን፣ ዞልማን..." እያለ የጌሙን ነገሥታት ያወርደው ጀመር! አቶ ደጀኔ የጥንት ሰዎች ስም መስሏቸው በአድናቆት ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔስ ምን ላድርግ? አብሬ ነቀነቅኩ።

ይሄኔ ልጅቷ ከጓዳ ጮኸች፦ "ኧረ ተሳሳትክ! የቤርኩን አባት ኦርዲስ ነው፤ ዞልማንማ ዙፋን ቀማኛ ነው!"

አቶ ደጀኔ ብድግ አሉ።

"ወይ ጉድ! ልጄ ዘሩን እንዲህ ካወቀችውማ የኛው ዘመድ ነዋ! በሉ፣ ጋብቻው ቀርቷል!"