ሰይጣን የማይገምተው ፓስወርድ

እኔ የሲልቨር ስፕሪንጉ የአይቲ ሰው፣ እዚሁ አጠገባችን አሌክሳንድሪያ አንድ ሆቴል ውስጥ የፓስወርድ አያያዝ ኮንፈረንስ አቴንድ አደረግሁ። ተናጋሪዋ «የልጁን ስም ፓስወርድ ያደረገ አለ?» ስትል አዳራሹ ሳቀ። ከሁሉ አስበልጦ የሳቀው ማን ይመስላችኋል?

በእረፍት ሰዓት፣ ባጄን ደረቴ ላይ እያስተካከልኩ፣ የሆቴሉን ፓርኪንግ ለሚሠሩት ለጋሽ መኮንን ጉራዬን ነዛሁ።

«የኔን ፓስወርድ እንኳን ሃከር ሰይጣንም አይገምተው!»

«የመጀመሪያ ልጅህ ማን ነበር ስሙ?»

«ናሆም።»

«ከስሙ ቀጥሎ የተወለደበት ዓመት አለ አይደል? በፈረንጆቹ ነው በኛ?»

«በኛ ነዋ! ፈረንጅ በምን ያውቀዋል?» አልኳቸው በኩራት።

ጋሽ መኮንን ሳቃቸውን ለቀቁት። ምን እንደተናገርኩ የገባኝ ያኔ ነው። ሮጬ ገብቼ ቀየርኩት። ለነገሩ የሁለተኛዋ ልጄም ተራ ደርሶ ነበር።