ራውተሬ ያናዘዛቸው ጎረቤቶች

የሰው ልጅ የተበላሸ ዕቃ አያስጨንቀውም። የሚያስጨንቀው ደህና የሚሠራ ዕቃ ነው! የተበላሸውንማ ጥግ ያስይዘውና ይረሳዋል… ደህና የሚሠራውን ግን "ትንሽ ብነካካውስ?" እያለ እንቅልፍ ያጣል። አይደለም ትላላችሁ? እስቲ "ላሻሽለው" ብላችሁ ፈትታችሁ፣ መልሳችሁ ስትገጥሙት ሦስት ብሎን የተረፋችሁን ዕቃ አስታውሱ።

እኔም ደህና የሚሠራ ራውተር ነበረኝ። ነበረኝ ነው ያልኩት…

ቤቴ ጀጎል ውስጥ ነው፤ በፈላና በር ገባ ብሎ፣ ሁለት ወፍራም ሰዎች ከተገናኙ አንዱ ወደ ኋላ መመለስ ያለበት ቅያስ ውስጥ። የቤቶቻችን ግድግዳ ድንጋይ ነው፤ ውፍረቱ ከክንድ ይበልጣል። ዋይፋይ ይህን ግድግዳ አያልፍም። ግን በመስኮቱም በጓሮውም ብሎ፣ እንደ ወጥ ሽታ ተሽሎክሉኮ ጎረቤት ይደርሳል። ፓስዎርዴን ሦስት ጎረቤቶቼ ያውቁታል። መቼ እንደሰጠኋቸው እንኳ አላስታውስም። ድሮ እናቶቻችን እሳት ይጫጫሩ ነበር፤ እኛ ዋይፋይ እንጫጫራለን። እሳት ሊጭር የመጣ ጎረቤት ይመለሳል እንዴ?

አንዷ ልብስ ሰፊዋ ሰሚራ ናት፤ የሰፋችውን ቀሚስ ፎቶ አንስታ በቴሌግራም ትሸጣለች። ሁለተኛው አብዲ ነው፤ ከሐኪም ጋራ ተራራ የመጣ ልጅ፣ ፈላና በር ላይ ማንጎ የሚነግድና ከግድግዳችን ጋር የተያያዘች ክፍል የተከራየ። ሦስተኛው ሐጂ ዩሱፍ ናቸው። እሳቸው ላይ ትንሽ እንቆይ።

ሐጂ ዩሱፍ ዕድሜያቸውን ሙሉ በድሬዳዋ መንገድ የጭነት መኪና ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ሥራቸው አንድ ነው፤ የድሮ ጭነት መኪና ሞተር ሲፈታና ሲገጠም የሚያሳይ ቪዲዮ ማየት! አንዱ ሞተር እስኪገጠም ሁለት ሰዓት ይፈጃል፤ ሐጂ አንዲት ብሎን አያሳልፉም። እኔ ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ ኳስ አያለሁ። አጥቂው ሊመታ እግሩን ሲያነሳ… ቀጥ! እግሩ አየር ላይ፣ እኔ ወንበሬ ጫፍ ላይ፣ ሁለታችንም ደርቀን እንቀራለን። ከግድግዳው ማዶ ግን የሐጂ ሞተር ድድድድድ እያለ ይነሳል። "ማሻአላህ!" ሲሉ ይሰማኛል።

አንድ ቀን በስልኬ ስዳክር፣ የራውተርን የውስጥ ፕሮግራም፣ ፈርምዌር የሚሉትን፣ አውጥተው ሌላ የሚጭኑ ሰዎች የሚወያዩበት መድረክ አገኘሁ። "አዲሱን ስትጭን ማን ስንት እንደሚጠቀም ታያለህ፤ የፈለግከውን ታስቀድማለህ፣ ያልፈለግከውን ታዘገያለህ" ይላል። ያዘገያል! ይህቺን ቃል ሦስት ጊዜ አነበብኳት። ለጎረቤቶቼ "ኔትወርኩ በደንብ እንዲደርሳችሁ ላሻሽለው ነው" አልኳቸው። ሐጂ ዩሱፍ እጃቸውን ዘርግተው መረቁኝ። ከእናንተ ግን ምን እደብቃለሁ… ሐሳቤ ሐጂን ከሰልፉ መጨረሻ ማቆም ነበር። ምርቃቱንም አሜን ብዬ ተቀበልኩ፤ ምን ዓይነት ሰው እንደሆንኩ ከዚህ ተረዱኝ።

መመሪያው "መጀመሪያ ራውተሩን ገልብጠህ የስሪት ቁጥሩን አንብብ" ይላል። ገለበጥኩት። ለካ ባለፈው ዓመት ቤቱ ኖራ ሲቀባ ራውተሩም አብሮ ተቀብቷል! ከኖራው ሥር አንድ ቁጥር ብቅ ብሏል፤ ሁለትም ይመስላል፣ ሦስትም ይመስላል። "ሁለት ነው" ብዬ ወሰንኩ። በምን አወቅህ አትሉኝም? አውርጄ የጨረስኩት ፋይል የሁለት ነዋ!

"ፍቅሬ" አለች ባለቤቴ ወይንሸት፣ "የሚሠራውን ነገር ለምን አትተወውም?"

"አንቺ ቴክኖሎጂ አይገባሽም።"

"እሱ አይገባኝም። አንተ ግን ትገባኛለህ።"

ጫንኩት። ስክሪኑ ላይ ያለችው መስመር ቀስ እያለች ሞላች… ሞላች… መቶ ደረሰች። እልል ልል አፌን ስከፍት የራውተሩ መብራቶች በሙሉ ጠፉ። ትንሽ ቆይታ አንዲት ብርቱካናማ መብራት ብልጭ፣ ድርግም… ብልጭ፣ ድርግም ማለት ጀመረች። ከዚያ በኋላ ምንም የለም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይሏችኋል ይሄ ነው።

መድረኩ ላይ ምክር ጠየቅኩ። "ሪሴት ቀዳዳውን በመርፌ ሠላሳ ሰከንድ ተጫን። ሳትለቅ ከመብራት ንቀል፤ ሌላ ሠላሳ ቁጠር። አሁንም ሳትለቅ ሰካ፤ ሠላሳ ቁጠር" አሉኝ። ቆጠርኩ። ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ስቆጥር ዋልኩ፤ ወይንሸት ጸሎት የጀመርኩ መስሏት ሬዲዮኑን ቀነሰችልኝ። ብርቱካናማዋ መብራት ግን ወይ ፍንክች! በመጨረሻ አንዱ "ወንድሜ፣ ራውተርህ ጡብ ሆኗል" ብሎ ጻፈልኝ። እነሱ እንዲህ ያለውን ጡብ ነው የሚሉት። ጀጎል ላይ ድንጋይ ያነሰ ይመስል እኔ ጡብ ጨመርኩበት!

እዚህ ላይ ነው ትልቁን ስህተት የሠራሁት። ወጥቼ "ጎረቤቶቼ ሆይ፣ አበላሸሁት" ማለት ስችል፣ አፈርኩ። ሰፈሩ "ኢንጂነር" ነው የሚለኝ፤ የማን ስልክ ቢደነዝዝ ወደ እኔ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ማንም ገብቶ ጉዴን እንዳያይ በሬን ዘግቼ ቁጭ አልኩ። በእኛ ቅያስ ደግሞ ቀን በሩን የሚዘጋ ሰው ወይ ሐዘን አለበት፣ ወይ ተጣልቷል። ሐዘን እንደሌለብኝ ሁሉም ያውቃል። ኢንተርኔቱም ተቆርጧል። እንግዲህ ደምሩት…

በማግስቱ በሩ ተንኳኳ። ሰሚራ ናት፤ ትኩስ ፈጢራ በሰሃን ይዛለች። ዓይኔን አላየችኝም።

"ጋሽ ፍቅሬ፣ እንደተቀየሙኝ ገብቶኛል።"

"እኔ?"

"ወላሂ፣ ስለ ሱሪው ማን እንደነገረዎት አውቃለሁ። አዎ፣ ያጠረው ውሃ ነክቶት አይደለም። ከጨርቁ ላይ ለወንድሜ ሰደርያ አውጥቼበት ነው።"

ያ ሱሪ! አማቼን የዳርንበት ዕለት፣ ካልሲዬ ለሰርገኛ ሁሉ ሲታይ የዋለበት ሱሪ! ሦስት ዓመት ሙሉ "ጨርቅ እኮ ድሮ ቀረ" እያልኩ ፋብሪካ ስረግም ኖሬአለሁ። "እ…" አልኩ። "እ" ማለቴን ይቅርታ አድርጋ ወስዳው፣ ዓይኗን እየጠረገች ሄደች። እኔ ፈጢራውን በላሁ።

ከሰዓት በኋላ አብዲ አንድ ሳጥን ማንጎ ተሸክሞ መጣ። ሳጥኑን አስቀምጦ ራሱን አከከ።

"ስለ ዶሮው ነው አይደል?" አለኝ።

"የትኛው ዶሮ?"

"አውራ ዶሮው። ለፋሲካ የገዛኸው፣ ዋዜማው ላይ የጠፋብህ። ጅብ አልበላውም… እኔ ነኝ። በመስኮቴ ሥር በሌሊት እየጮኸ አላስተኛኝ አለ። ግን ረቢ ምስክሬ ነው፣ አላረድኩትም! ሐኪም ጋራ ወስጄ እናቴ ጓሮ ለቀቅኩት። አሁን የልጅ ልጅ አይቷል።"

ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ የእኛን ሰፈር ሆድ ያባውን ራውተር አወጣው! እውነቱን ልንገራችሁ፣ ጣመኝ። በሕይወቴ ሰው እንዲህ ፈርቶኝ አያውቅም።

ወይንሸት እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ መጣች። "ምን ዓይነት ሰው ነህ? ዕቃው ተበላሽቶ ነው በላቸው እንጂ!"

"ቆይ እስቲ… ሐጂ ዩሱፍ ገና አልመጡም።"

"እግዚአብሔር ይይልህ!" አለችና ማንጎ ልጣ እየበላች ሄደች።

በሦስተኛው ቀን የዚያችን ቁጥር ኖራ በጥፍሬ ፋቅኩ። ሦስት! ቁልጭ ያለች ሦስት። በስልኬ ትክክለኛውን ፋይል አወረድኩ፤ ራውተሩን በገመድ ከላፕቶፑ ጋር አገናኘሁ፤ ሪሴቱን ተጭኜ እንደያዝኩ መብራት ሰካሁና ፋይሉን ላክሁለት። ትንፋሼን ይዤ ስጠብቅ አራት አረንጓዴ መብራቶች ቦግ ቦግ አሉ። አልቅሼ ነበር! የድሮውን ስምና ፓስዎርድ ስመልስለት የጎረቤቶቼ ስልኮች ተራ በተራ ዝርዝሩ ላይ ብቅ አሉ። በቅያሱ ታብሌት ያላቸው ሐጂ ብቻ ስለሆኑ የእሳቸውን ለመለየት አልተቸገርኩም። ይዤ ጎተትኳቸውና ከሁሉም ሥር አስቀመጥኳቸው። "አስቀምጥ" የሚለውን ልጫን ጣቴን ሳነሳ… በሩ ተንኳኳ።

ሐጂ ዩሱፍ ናቸው። ከዘራቸውን ይዘው፣ የጁምዓ ልብሳቸውን ለብሰው። ላፕቶፑን ክድን አድርጌ ወንበር ሰጠኋቸው።

"ልጄ" አሉኝ ከዘራቸውን በጉልበታቸው መሃል አቁመው፣ "ማን እንደነገረህ አልጠይቅህም። ዘግይተህም ቢሆን ማወቅህ አይቀርም ነበር።"

"ምኑን ሐጂ?"

"አባትህ ሲሞት ድሬዳዋ ነበርኩ ብዬሃለሁ። አልነበርኩም። እዚሁ፣ ቤቴ ውስጥ ነበርኩ። በአሸንዳ ውሃ ተጣልተን፣ ያንተ ቤት ውሃ የኔን ግድግዳ በላ ተባብለን፣ ሁለት ወር አልተነጋገርንም ነበር። ነገ እታረቀዋለሁ፣ ነገ እታረቀዋለሁ ስል ሞተ። አፍሬ በሬን ዘጋሁ። የድንኳናችሁን ለቅሶ ከግድግዳው ማዶ ቁጭ ብዬ ሰማሁ። ቀብሩ ላይ አልቆምኩም። አስተግፊሩላህ… ይኸው አሥራ አንድ ዓመት። ያንተን ኢንተርኔት በከፈትኩ ቁጥር 'ልጁ እኮ አያውቅም' እላለሁ። ከትናንት ወዲያ ሲቋረጥ፣ 'በቃ አወቀ' አልኩ።"

እንግዲህ እዚህ ላይ ቀልድ የለም። አባቴ ሊሞት ሰሞን "ያ ዩሱፍ መጣ?" እያለ ሁለቴ ጠይቆኝ ነበር። ለማንም አውርቼው አላውቅም፤ ለሐጂ ነገርኳቸው። ሽማግሌው በነጠላቸው ጫፍ ፊታቸውን ሸፍነው አለቀሱ። እኔም አላስቻለኝም። ወይንሸት ከጓዳ ብቅ ብላ አየችንና ያለ ወትሮዋ በሩን ቀስ ብላ ገፋ አድርጋ ተመለሰች።

እኚህ ሰው አሥራ አንድ ዓመት የተሸከሙትን ሲያወርዱ፣ እኔ ከተከደነው ላፕቶፕ ሥር እሳቸውን ከሰልፍ ጅራት አስሬ ተቀምጫለሁ! የጨነቀው እርጉዝ ያገባል፤ እኔ ጨንቆኝ ላፕቶፑን ከፈትኩት።

"ሐጂ፣ እኔ ማንንም አልተቀየምኩም። ራውተሩን ያበላሸሁት ራሴ ነኝ። ያበላሸሁትም… እርስዎን ላዘገይ ስል ነው።"

"እኔን?" ብለው መነጽራቸውን አወጡ። "ከሰሚራ በታች?"

"አዎ።"

"ከአብዲም በታች?"

"ከአብዲም… ከሰሚራ ወንድም ስልክም በታች።"

"ሰደርያ ካሰፋው ልጅ በታች?!"

ለካ እሱንም ያውቃሉ! ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ ያልሰማሁት ባለሱሪው ብቻ ነኝ።

"ሱብሃነላህ!" አሉ። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። መልሰው ያለቀሱ መስሎኝ ስደነግጥ፣ ለካ ሳቅ ነው! ከዘራቸው ከእጃቸው ወድቆ እስኪንከባለል ሳቁ። ሲበቃቸው ዓይናቸውን ጠርገው፣ ፊታቸውን ኮስተር አድርገው፣ "ይቅር ብዬሃለሁ። ካሳ ግን አለብህ" አሉኝ። ሰሚራና አብዲ ተጠሩ። ሽምግልናው ቆሞ ተጀምሮ ቆሞ አለቀ። ፍርዱም ይህ ነው፤ ራውተሩ ከእንግዲህ የሚቀመጠው ከቅያሱ መሃል ባለው ቤት ነው። ከቅያሱ መሃል ያለው ቤት የማን ይመስላችኋል?

አብዲ ገመዱን በጣራ አሳለፈ፤ ሰሚራ መሰላሉን ያዘች፤ እኔ በገዛ እጄ ራውተሬን አቅፌ ሐጂ ዩሱፍ ቤት አስገባሁ። ማን እንደሚቀድም የሚታዘዝበትን ገጽም አስተማርኳቸው። ሲነዱ የኖሩ ሰው ናቸውና መሪ ሲይዙ አልከበዳቸውም። አሁን የገዛ ኢንተርኔቴን የማገኘው ወጥ ቤት ውስጥ፣ በርጩማ ላይ ቆሜ፣ አንገቴን በመስኮት ካወጣሁ ነው።

ባለፈው ሳምንት እሱም ቀጥ አለ። ከበርጩማው ወርጄ ሐጂ ቤት ሄድኩ። መደባቸው ላይ ተጋድመው ሞተር ሲገጠም ያያሉ።

"ሐጂ፣ ኢንተርኔቱ ቆመብኝ።"

ከታብሌቱ ላይ ዓይናቸውን ሳያነሱ "እህ…" አሉኝ፣ "ምን በድለህ ነው?"

"ምንም" ልል አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ትንሽ አሰብኩ… ጫማዬን አውልቄ መደቡ ጫፍ ላይ ቁጭ አልኩና፣ ካስታወስኩት ጀመርኩ።